ቡና ተከትለው የመጡ፦ ስድስት ቀን በሳኦ ፓውሎ

ሐሙስ

ከቦሌ ከተነሳን አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይተን ጓሩልዮስ አረፍን። የሳኦ ፓውሎ ትልቁ አየር ማረፊያ ነው። የእኛ አየር መንገድ ወደዚህ ከተማ መብረር የጀመረው በ2013 ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ፣ እንዳትደናገሩ።

ሰዓቴን ላስተካክል ስል የገረመኝን ልንገራችሁ። ሳኦ ፓውሎ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የሀበሻ አቆጣጠርም ከፈረንጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት እዚህ አገር ምንም ሳይነካ ልክ ይሆናል። አጋሮ እናቴ ቤት ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትና እጄ ላይ ያለው አንድ ናቸው። እሷ ጋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከጠዋቱ ስምንት ይባላል። አልነካሁትም። ስድስቱንም ቀን እንደዚያው አሰርኩት።

ለምን እንደመጣሁ ልናገር። አጋሮ ነው ያደግኩት። የቡና ለቀማ ሲደርስ ከከምባታ፣ ከዳውሮ፣ ከሌላም ቦታ ሰው ይመጣ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጥሎላቸው ያድራሉ፣ ማታ ማታ በማላውቀው ቋንቋ ይዘፍናሉ፣ ቡናው ሲያልቅ አንድ ጠዋት ተነስቼ አጣቸዋለሁ። የት እንደሚሄዱ ማንም አይነግረኝም። አባቴ ደግሞ ስለ ብራዚል ሲያወራ እንደ ጎረቤት መንደር ነበር። በ1975 ውርጭ የብራዚልን ቡና ሲፈጀው እኛ ጋ ዋጋው እንዴት እንደወጣ እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር። ስለዚህ ልጅ ሆኜ ብራዚል ማለት ኳስ ብቻ አልነበረም። እዚያስ ማን ነው የሚለቅመው እያልኩ አስብ ነበር።

ያረፍኩት ሊበርዳጂ ሰፈር ነው። የቤቱ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። አያቶቻቸው ከኦኪናዋ፣ ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች፣ ነው የመጡት። እንግሊዝኛ አይችሉም። የልጅ ልጃቸው ያስተረጉማል። ሃያ ዓመቱ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ሻንጣዬ ውስጥ እናቴ ቆልታ የላከችው ቡና አለ። ለማን እንደምሰጠው ገና አልወሰንኩም።

ዓርብ

ዛሬ የስደተኞች ሙዚየም ዋልኩ። አራት ሰዓት ሙሉ ቆየሁ፣ ቢሆንልኝ ነገም እመለስ ነበር።

ሕንፃው ድሮ የስደተኞች ማረፊያ ነበር። በ1887 ተከፍቶ በ1978 ተዘጋ። በዚህ መሃል 2.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው በሩን አልፏል፣ ከ70 በላይ ከሆኑ አገሮችና ሕዝቦች። መርከቡ ሳንቶስ ወደብ ላይ ያወርዳቸዋል። ባቡሩ ተራራውን ይዟቸው ወጥቶ እዚሁ ደጅ ያደርሳቸዋል። ይታጠባሉ፣ ሐኪም ያያቸዋል፣ ይከተባሉ፣ ይበላሉ፣ ረጅም አዳራሽ ውስጥ በተርታ ይተኛሉ። ከዚያ ከቡና እርሻ ባለቤት ጋር ይዋዋሉና ሌላ ባቡር ይሳፈራሉ። አብዛኛው ሰው ከሳምንት በላይ አይቆይም።

1887 የሚለውን ቁጥር ልብ በሉ። ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በሜይ 13፣ 1888 ነው። በአሜሪካ አህጉር የመጨረሻዋ አገር ናት። ከዚያ በፊት ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በዘለቀው የባሪያ ንግድ ከ4 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው ወደዚህ ተግዘዋል። ባለርስቶቹ ነገሩ እንደማይዘልቅ ገብቷቸዋል፣ ስለዚህ ተተኪ ሠራተኛ የሚያድርበትን ቤት ቀድመው ሠሩ። መንግሥትም ለአውሮፓ ገበሬ ቤተሰቦች የመርከብ ትኬት ከፈለ። ነፃ ለወጡት ጥቁሮች ግን መሬትም ገንዘብም አልተሰጠም። ነፃ ናችሁ ተባሉ፣ አለቀ። ለአንዱ ትኬት የሚከፍል መንግሥት ለሌላው አንድ ጥማድ መሬት አጣ። ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣም።

አንድ ግድግዳ አለ፣ ከእንጨት የተሠራ። የመጡት ሰዎች የቤተሰብ ስም ተቀርጾበታል። ሰዎች እየመጡ በጣታቸው ይፈልጋሉ፣ ሲያገኙ ፎቶ ይነሳሉ። ቆሜ አሰብኩ። የእኛ ሰው ቢሆን ምን ይቀረጽ ነበር? ስማችን የአባትና የአያት ነው፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ ቅድመ አያቱ ከሰነድ ይወጣሉ። እኛ ዘር የምንቆጥረው በአፍ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ከሞተ ግድግዳ የለንም።

አጠገቤ የነበረች ሴት የቅድመ አያቷን መግቢያ መዝገብ ልታስወጣ ነው የመጣችው። በአንድ ፊደል ስህተት ምክንያት ዓመት ፈጅቶባታል። የምትፈልገው የጣሊያን ዜግነት ነው። ጣሊያን በ2025 ሕጉን ስላጠበበች፣ የውጭ አገር የልጅ ልጅ ልጆች በቀላሉ አያገኙትም። «ቅድመ አያቴ በረሃብ ወጣ፣ እኔ ደግሞ ልመለስ ስል በሩ ተዘጋ» አለችኝ። ልጆቿን ይዛ ልትሄድ ነበር ሐሳቧ።

ከሙዚየሙ ጎን የድሮው ማረፊያ አንዱ ክፍል ዛሬም ማረፊያ ነው። ቤት የሌላቸውና ከሌላ አገር የመጡ ወንዶች፣ ከሺህ በላይ፣ በየምሽቱ እዚያ ያድራሉ። ስወጣ ሰልፋቸው ጀምሯል። ከኪንሻሳ የመጣ አንድ ልጅ ሰላም አለኝ። ከየት ነህ ሲለኝ ኢትዮጵያ አልኩት፤ «ትገባለህ ወይስ ትጎበኛለህ?» አለኝ። እጎበኛለሁ አልኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ ከበደኝ።

ቅዳሜ

ማርች 25 የሚባለው ጎዳና ላይ መርካቶ ትዝ አለኝ። ግፊያው፣ ጩኸቱ፣ ጨርቁ፣ አምፖሉ፣ የሕፃናት ልብስ በክምር። ይሄን ገበያ የጀመሩት ሶሪያዎችና ሊባኖሶች ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በኦቶማን ፓስፖርት ስለመጡ ሰዉ «ቱርክ» አላቸው። ከቱርክ አገዛዝ ሸሽተው የመጡ ክርስቲያኖች ቱርክ ተባሉ ማለት ነው። ብዙዎቹ ቡና እርሻ አልገቡም። ክርና መርፌ፣ ጨርቅና መስታወት በሳጥን ተሸክመው ቡና ለቃሚው ያለበት ድረስ በእግር እየዞሩ ይሸጡ ነበር። የቆሎ ነጋዴ ኑሮ ነው፣ ከእርሻ እርሻ። ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ ፋብሪካ። ከ2016 እስከ 2018 ፕሬዝዳንት የነበሩት ሚሼል ቴመር የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ ናቸው። የሥጋ ኤስፊሃና ኪቤ ዛሬ የሊባኖስ ምግብ መሆናቸውን የሚያስታውስ ራሱ ያለ አይመስልም፣ በየጥጉ ይሸጣል።

አንድ የቅመምና የለውዝ ሱቅ ገባሁ። ሽማግሌው እንግሊዝኛ ይችላሉ። አያታቸው ከሊባኖስ፣ ከዛህሌ ከተማ እንደመጡ ነገሩኝ። አንድ ሻንጣና አንድ ዕዳ ይዘው።

እኔ ደግሞ እህቴ ቤሩት አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ፓስፖርቷን ቀጣሪዋ ቆልፋባት ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ደመወዟ ስድስት ወር ቀረ። ይሄንን ለመናገር አላሰብኩም ነበር፣ ግን ሰውዬው ስለ አያታቸው ዕዳ ሲያወሩ ከአፌ ወጣ። ዝም አሉ። ተስተናጋጅ መጣ፣ አስተናገዱ። ስለ አየሩ አወሩ። ልወጣ በሩ ላይ ስደርስ «የእህትህ ስም ማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አጥፍተው ደገሙት። አስተካከልኩላቸው። እንደገና ደገሙት፣ እስኪያቀኑት ድረስ።

ከሰዓት በኋላ ቢሺጋ ሄድኩ። የጣሊያኖች ሰፈር ነው፣ በተለይ የካላብሪያ ሰዎች። የመብራት ምሰሶዎቹ በጣሊያን ባንዲራ ቀለም ተቀብተዋል። በነሐሴ የአኪሮፒታ እመቤታችን ክብረ በዓል እዚህ ይከበራል፣ ጎዳናው በምግብ ድንኳን ይሞላል ይላሉ።

ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ የምለው አለ። እነዚህ ገበሬዎች ከጣሊያን በብዛት የፈለሱት በ1890ዎቹ ነው። ያኔ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ክሪስፒ ሕዝባችን ለምን ለባዕድ አገር ላቡን ያፈሳል፣ አፍሪካ ላይ የራሳችን መሬት ይኑረን ይል ነበር። ኤርትራ ላይ ሰፋሪ ገበሬ ለማስገባት ከሰው መሬት ተነጠቀ። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በ1894 መጨረሻ የተነሱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችን እናውቀዋለን፣ አድዋ። ያው መሬት ያጣ የደቡብ ጣሊያን ገበሬ ነው። ወንድሙ ወታደር ሆኖ እኛ ተራራ ላይ ቀረ፣ እሱ ቡና ሊለቅም እዚህ መጣ። እዚህም ቢሆን አልተመቸውም። የእርሻው ባለቤት ሱቅ ዕዳ አንገቱን ያንቀው ነበር። በደሉ ሲበዛ ጣሊያን ራሷ በ1902 የተከፈለበት ጉዞ ወደ ብራዚል እንዳይኖር ከለከለች። ከዚያ በኋላ ነው ባለርስቶቹ ወደ ጃፓን የዞሩት።

ዋናው መንገዳቸው ስሙ ሜይ 13 ነው። ባርነት የቀረበት ቀን። ሰፈሩ ጣሊያን ከመባሉ በፊት የጥቁሮች ነበርና። ሳራኩራ በሚባል ወንዝ ዳር ከጌቶቻቸው ያመለጡ ሰዎች መንደር ነበራቸው፣ ኪሎምቦ ይሉታል። ቫይ ቫይ የሚባለው ዝነኛ የሳምባ ማኅበር በ1930 የተመሠረተው እዚሁ ነው። በ2022 አዲስ የሜትሮ ጣቢያ ሲቆፈር የዚያ መንደር ቅሪት ከመሬት ወጣ። የሰፈሩ ሰዎች ጣቢያው ስሙን ይሸከም ብለው ተሟግተዋል። ትክክል ናቸው። የምሰሶ ቀለም ከላይ የሚቀባ ነው፣ ይሄኛው ግን ከሥር ነው የወጣው።

እሑድ

እሑድ ሊበርዳጂ ገበያ ነው። ቀይ የጃፓን በር፣ ነጭ ፋኖሶች፣ የተጠበሰ ነገር ሽታ፣ ሰው በሰው ላይ። ብራዚል ውስጥ የጃፓን ዘር ያለው ሰው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከጃፓን ውጭ ይሄን ያህል የትም የለም።

የመጀመሪያው መርከብ ካሳቶ ማሩ ይባላል። ከኮቤ ተነስቶ 52 ቀን ተጉዞ በጁን 18፣ 1908 ሳንቶስ ገባ። ለቡና እርሻ የተዋዋሉ 781 ሰዎች ነበሩበት። ቡና ወርቅ የሚያፈራ ዛፍ ነው ተብለው ነው የመጡት። ሲደርሱ የዚያ ዓመት ለቀማ ገፍቷል፣ የሚያገኙት ለምግብ አይበቃም። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ እርሻውን ጥለው ወጡ። በሌሊት፣ ልጅ አዝለው፣ ዕዳ ትተው። የቤቴ ባለቤት አያትም እንደዚያ ያመለጡ ናቸው። «ሌሊት የሸሸ ሰው ዘር ነን» አሉኝ፣ በኩራት ነው ያሉት።

ከዚያ የራሳቸውን መሬት ገዙ፣ አትክልት አመረቱ፣ ከተማ ገቡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ጠላት ተባሉ። የጃፓንኛ ትምህርት ቤቶችና ጋዜጦች ተዘጉ፣ በአደባባይ በቋንቋቸው ማውራት ተከለከለ። በ1942 እዚሁ ሰፈር ኮንዴ ጂ ሳርዜዳስ ከሚባለው መንገድ ልቀቁ ተባሉ። የቤቱ ባለቤት እናት ጃፓንኛ መጽሐፋቸውን ጓሮ ቀብረው ነበር። አውጥተው ሲያዩት በስብሷል።

የልጅ ልጁ ወላጆች አሁን ያሉት ጃፓን ነው። በ1990 ጃፓን ሕጓን ስታሻሽል ከዚህ ብዙ ሰው ለፋብሪካ ሥራ ሄዷል። እሱን አያቱ ጋ ትተው ሄዱ። «እዚያ ብራዚላዊ ይሏቸዋል፣ እዚህ እኔን ጃፓን ይሉኛል» አለ። ምንም አልመለስኩለትም። አዲስ አበባ ላይ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሰዎችን ልጆች አውቃለሁ፣ ዓይናቸው ይመሳሰላል።

ገበያው መሃል ላይ ቆሜ ሊበርዳጂ ማለት ምንድን ነው አልኩት። «ነፃነት»። ለምን? በእግር ወሰደኝ። የገበያው አደባባይ ድሮ ሰው የሚሰቀልበት ሜዳ ነበር። በ1821 ሻጊንያስ የሚባል ወታደር፣ ደመወዛችን ይከፈለን ብለው ካመፁት አንዱ፣ እዚህ ሲሰቀል ገመዱ ተበጠሰ፣ ሕዝቡም ነፃነት እያለ ጮኸ ይባላል። አልማሩትም። ትንሽ ወረድ ብሎ መውጫ በሌላት ጠባብ መንገድ ጫፍ የተጨነቁት እመቤት ጸሎት ቤት አለ። በዙሪያው የባሪያዎች፣ የድሆችና የተሰቀሉ ሰዎች መቃብር ነበር። መቃብሩ ተሸጦ ቤት ተሠራበት። በ2018 አንድ ቤት ፈርሶ ሲቆፈር የዘጠኝ ሰዎች አጽም ተገኘ። ሰዎች የጸሎት ቤቱን በር ሦስት ጊዜ አንኳኩተው ስለታቸውን በወረቀት ጽፈው ይተዋሉ። እኔም ተሳልሜ ቆምኩ። ከውጭ የገበያው ሙዚቃ ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ በሜትሮ አርሜኒያ ጣቢያ ወርጄ ካንቱታ ሄድኩ። አዎ፣ ጣቢያው በአርሜኖች ስም ነው የተሰየመው። ካንቱታ የቦሊቪያ አበባ ነው፣ አደባባዩም የቦሊቪያዎች የእሑድ ገበያ። ሳልቴኛ በላሁ። ከሳምቡሳ ይወፍራል፣ ውስጡ መረቅ አለው። ጫፉን ነክሰህ መጀመሪያ መረቁን ትጠጣለህ፣ አለበለዚያ ሸሚዝህ ላይ ነው። ከሐምራዊ በቆሎ የተሠራ ወፍራም ትኩስ መጠጥም አላቸው፣ አፒ ይባላል። አንድ ጊዜ ስቀምሰው አጥሚት ነው! የእናቴ አጥሚት፣ ቀለሙ ብቻ ተቀይሮ። የምትሸጠውን ሴት እንዴት ደስ እንዳለኝ በእጄ ነገርኳት፣ ጨምራ ሞላችልኝ።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ቦም ሬቲሮ ሄጄ ብዙም ሳላይ ተመለስኩ።

ግን ይሄን ልጻፍ። የልብስ ሰፈር ነው። መጀመሪያ ጣሊያኖች፣ ከዚያ ከምሥራቅ አውሮፓ የሸሹ አይሁዶች፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኮሪያዎች፣ አሁን ቦሊቪያዎችና ፓራጓዮች። ሱቁና የስፌት መኪናው ከአንዱ ለሌላው ተላልፏል። የስፌት መኪናው ፊት የሚቀመጠው ሁልጊዜ በመጨረሻ የመጣው ነው። በትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራሉ፣ እዚያው ይተኛሉ፣ ክፍያው በቁራጭ ነው። የሥራ ተቆጣጣሪዎች እንደ ባርነት የሚቆጠር ሥራ ብለው ከአንዳንዶቹ ሰው አውጥተዋል። ትናንት ካንቱታ ላይ ሲጨፍሩ ያየኋቸው ወጣቶች ዛሬ በዝናቡ መስኮት ውስጥ አጎንብሰው ነበር። በእርግጥ እነሱ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። የመኪናው ድምፅ ግን እስከ መንገድ ይሰማል።

ማክሰኞ

በአውቶቡስ ሳንቶስ ወረድኩ። መንገዱ ከጉም ውስጥ ይገባና ድንገት ባሕሩን ያሳይሃል። የስደተኞቹ ባቡር የወጣው ይሄንኑ ተራራ ነው።

የቡና ገበያው አዳራሽ በ1922 የተከፈተ ነው፣ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ነጋዴዎቹ የሚቀመጡባቸው የተጠረቡ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፣ ጣሪያው ባለቀለም መስታወት ነው። ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን የቆየሁት የወደብ ተሸካሚዎች ፎቶ ጋ ነው። ትከሻቸው ላይ ኬሻ። 60 ኪሎ ነው፣ የእኛም ኬሻ 60 ኪሎ ነው። ቡና ወደ ብራዚል የገባው በ1727 ከፈረንሳይ ጉያና በአንድ መኮንን እጅ ነው ይላል ጽሑፉ። ከዚያ በፊት የመን፣ ከየመን በፊት የእኛ ጫካ። ሠራተኛዋን ከፋን ታውቂዋለሽ አልኳት። አዎ አለች፣ እዚያ ማን ነው የሚለቅመው ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ዳሱ ነገርኳት። ስለ ዘፈኑም።

ባሕሩ ዳር ቀይ ትልቅ ሐውልት አለ፣ ጃፓኖቹ የመጡበት መቶኛ ዓመት ሲከበር በ2008 የቆመ። የሠራችው ቶሚዬ ኦታኬ ናት፣ ራሷ ከኪዮቶ በ1936 የመጣች። ሥሩ ተቀምጬ ወደብ የሚገቡትን መርከቦች ቆጠርኩ።

ማታ የእናቴን ቡና ከሻንጣ አወጣሁ። ጀበና የለም፣ በትንሽ ድስት አፈላሁት። የቤቱ እናት ወጥ ቤት ድረስ መጥተው ቆሙ። ሽታው ነው የጠራቸው። አያታቸው ቡና ለቅመው፣ ሸሽተው፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሻይ ብቻ ይጠጡ እንደነበር ነገሩኝ። ቤታቸው ውስጥ ቡና አይገባም ነበር። እሳቸው ራሳቸው የጀመሩት አግብተው ከወጡ በኋላ ነው።

አቦሉን ቀዳሁላቸው። ያለ ስኳር ጠጡት። ቶናውን ቀዳሁ። ልጁ ይሄ ሁለተኛው ለምን ቀጠነ አለ፣ እንደዚያ ነው አልኩት፣ ሦስተኛው ይቀራል፣ በረካ ይባላል፣ እሱን ሳይጠጣ የሚነሳ የለም። ለአያቱ ተረጎመላቸው። ለእናቴ ልደውል ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ነው። እሷም ጋ ስምንት ነው፣ ግን የሌሊት። ተኝታለች። ድስቱን መልሼ ጣድኩ፣ እሳቸውም ወንበር ስበው ተቀመጡ።